ጌም ሲከፈት የሚጠፋ ኮምፒውተር፦ ከግራፊክስ ካርዱ በፊት የሚመረመረው

ካርዱ በቦታው በትክክል መቀመጡን፣ ድራይቨሩ መታደሱንና የሞኒተሩ ገመድ ከማዘርቦርዱ ሳይሆን ከካርዱ ጋር መያያዙን አንባቢው አስቀድሞ እንዳረጋገጠ ቆጥሬ እጀምራለሁ። ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከሜክሲኮ አካባቢ «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል» ተብለው ወደ ጥገና ጠረጴዛዬ ከሚመጡት ኮምፒውተሮች በአብዛኞቹ ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛውን ካርድ በርካሽ ሸጦ፣ በላዩ ላይ ጨምሮ ሌላ ገዝቶ፣ ያው ብልሽት ተመልሶበት ነው የሚመጣው። አስተማማኝ ግራፊክስ ካርድ መምረጥ የሚጀምረው ካርዱን የሚመግበውን ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለውን ሣጥን) ከመመርመር ነው።

ምልክት፦ ዊንዶውስ ላይ ምንም ችግር የለም፤ ጌም ሲከፈት ግን ኮምፒውተሩ በድንገት ይጠፋል ወይም ራሱን መልሶ ያስነሳል

ሰማያዊ ስክሪን አይመጣም፤ የስህተት መልእክትም አይታይም። የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ሲታይ «ከርነል-ፓወር 41» የሚል ብቻ ይገኛል፤ ይህም ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ዳግም መነሳቱን የሚናገር እንጂ መንስኤውን የሚገልጽ አይደለም።

መንስኤው በአብዛኛው የፓወር ሰፕላዩ የ12 ቮልት መስመር ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ማስገቢያ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል፤ ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምርለታል። አርኤክስ 580 የተባለው ካርድ በሙሉ ሥራ ላይ 185 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ጽሑፍ ሲተየብና ቪዲዮ ሲታይ ግን ከዚያ ጥቂቱን ብቻ ስለሚወስድ፣ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ቀኑን ሙሉ ጤነኛ መስሎ ይውላል። ጌሙ ተከፍቶ ካርዱ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠይቅ ፍላጎቱ በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ያሻቅባል፤ ለአፍታም ከአማካዩ በላይ ይዘልላል። ያን ጊዜ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ወይም የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ማሽኑን በሙሉ ያጠፋዋል።

በከተማችን ይህ ብልሽት በሁለት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው ለቢሮ ተሠርተው፣ አገልግለው የመጡትን ኮምፒውተሮች ወደ ጌም ማሽን ከመለወጥ ነው። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ትልቁ ኬዝ ይዞት የሚመጣው ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው፤ ለተሠራበት ሥራ በጣም ጥሩ ማሽን ቢሆንም ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ፒን ገመድ የለውም። ሻጩ ታዲያ የሃርድ ዲስኩን የሳታ ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይር አስማሚ ሰክቶ ያስረክባል። የሳታ ማገናኛ ለ12 ቮልት ያሉት ሦስት ቀጫጭን ፒኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ 1.5 አምፒር፣ ሦስቱ በድምሩ 54 ዋት ብቻ እንዲሸከሙ ነው የተሠሩት። ባለ 6 ፒኑ ግን 75 ዋት ሊስብ ይችላል። አንድ የአራት ኪሎ ተማሪ ያመጣውን ማሽን ስከፍት፣ ባለ 8 ፒኑ የተመገበው ከአንድ የሳታ ገመድ በወጡ ሁለት አስማሚዎች ነበር። የማገናኛው ጥቁር ፕላስቲክ ቀልጦ ፒኖቹ ላይ ተጣብቋል፤ የቢጫው (የ12 ቮልቱ) ሽቦ ልባስ ቡናማ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ ኬዙ ውስጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነበር። ለተማሪው የተነገረው «ካርዱ ደክሟል» የሚል ነው። ያንኑ ካርድ በደህና ፓወር ሰፕላይ ላይ አድርጌ ፈርማርክ በተባለው የካርድ መፈተኛ ፕሮግራም ሳስጨንቀው አንድም ጊዜ አልጠፋም። የሳታ አስማሚ ለግራፊክስ ካርድ ፈጽሞ አይሰካ፤ ይህ ቤት ሊያቃጥል የሚችል ነገር ነው፣ ሰክቶ የሚሸጥም ባለሙያ ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛው መንገድ ከኬዝ ጋር አብሮ የሚሸጠው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ነው። በጎኑ ላይ «500 ዋት» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ መነበብ ያለበት ግን ከሥሩ ያለው ትንሹ ሠንጠረዥ ነው። በ12 ቮልት ረድፍ 15 አምፒር ከተጻፈ ለካርዱና ለፕሮሰሰሩ ያለው ኃይል በጠቅላላው 180 ዋት ነው፤ የቀረው ቁጥር ለገዢው ማሳመኛ ነው። ፓወር ሰፕላዩን በእጅ ማንሳትም ይረዳል፤ ቅልል የሚል ከሆነ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመርና ኮንደንሰር ትንሽ ነው።

አንድ የጌም ቤት ባለቤት ማሽኖቹ ቀን በደህና ሠርተው አመሻሽ ላይ እየተራ ይጠፉበት ነበር፤ ካርዶቹን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያቀያይር ሰንብቶ፣ ሁለቱን «ብልሹ» ብሎ አስወግዷል። ማታ ሄጄ ሶኬቱን ስለካ፣ የሰፈሩ ምጣድና ምድጃ በሚበዛበት ሰዓት መስመሩ ከ190 ቮልት በታች ይወርዳል። ፓወር ሰፕላዮቹ በስተኋላቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ያላቸው የድሮ ዓይነት ነበሩ፤ የእነዚህ የመሥራት አቅም ጠባብ ስለሆነ የመስመር መውረድን አይችሉም። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል፣ ማዞሪያ የሌለው ፓወር ሰፕላይ ሲገባላቸው መጥፋቱ ቆመ። ያንን ቀይ ማዞሪያ «ኃይል ይጨምራል» ብሎ ወደ 115 ማዞር በእኛ 220 ቮልት መስመር ላይ ፓወር ሰፕላዩን ወዲያው ያፈነዳዋል፤ ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ለማረጋገጥ ገንዘብ አያስፈልግም። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ ያውርዱና ያንኑ ጌም ይክፈቱ፤ መጥፋቱ ከቆመ ካርዱን ይተዉትና ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይሂዱ። መልቲሜትር ያለው ሰው ጌሙ እየሠራ ሳለ በቢጫውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ይለካ፤ ከ11.4 ቮልት በታች ከወረደ ፓወር ሰፕላዩ ከደረጃ ወጥቷል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ፓወር ሰፕላይ የሚቀይር ሰው የ80 ፕላስ (ኃይል ሳያባክን የመሥራት ማረጋገጫ) ምልክት ያለውን፣ በቂ የ12 ቮልት አምፒር የተጻፈበትንና ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመዱ ከራሱ የሚወጣውን ይግዛ። ለአርኤክስ 6600 የሚመከረው 450 ዋት፣ ለአርቲኤክስ 3060 ደግሞ 550 ዋት ነው። ኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ባለ 8 ፒን እንጂ የተለመደውን ባለ 24 ፒን ስላልሆነ ለእርሱ የተሠራ መቀየሪያ ይፈልጋል። ገመዱ ተነቃይ በሆነ ፓወር ሰፕላይ ላይ የሌላ ድርጅት ገመድ አይሰኩ፤ ጫፉ ቢገጥምም የሽቦው አደራደር ሊለያይ ስለሚችል ካርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ፓወር ሰፕላይ መቀየር የማይፈልግ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ካርድ ይምረጥ። የጂቲኤክስ 1650 ባለ 75 ዋቱ ዓይነት ለዚህ ጥሩ ምርጫ ነው። አርኤክስ 6400 የሚወስደው 53 ዋት ብቻ ቢሆንም ከማዘርቦርዱ ጋር በአራት የመረጃ መስመር ብቻ ስለሚገናኝ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ምልክት፦ ካርዱ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ተብሎ ይታያል፤ ጌም ግን ይንቀራፈፋል፣ አዲስ ድራይቨርም አይቀበልም

ካርዱ ሐሰተኛ ነው። እንደ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ያለ አሮጌ ካርድ ባዮሱ (በውስጡ ያለው የመነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ በአዲስ ስም ይሸጣል። ከጀርባው ሰማያዊ የቪጂኤ ሶኬት ካለው ጉዳዩ ያበቃል፤ የ10ኛው ተከታታይ ትውልድ የአናሎግ ምስል ማውጣት አይችልምና። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ለይቶ ከስማቸው ፊት «ሐሰተኛ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፋል። ትክክለኛው ካርድ 768 ኮር (የስሌት ክፍል) ሊኖረው ይገባል። ይህ አይጠገንም፤ ለሻጩ ተመልሶ ገንዘብ ይጠየቃል።

ምልክት፦ የኤኤምዲ ካርድ ምስል ይሰጣል፤ ድራይቨር ሲጫን ግን «ኮድ 43» ይላል

በአብዛኛው ካርዱ ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ ማምረት) ላይ ውሎ ባዮሱ ተነካክቷል። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ከቀረ በኋላ እንዲህ ያሉ ካርዶች በየአገሩ ገበያውን አጥለቅልቀዋል። በአንዳንድ ካርዶች ጎን ላይ ትንሽ የባዮስ ማዞሪያ አለ፤ ማሽኑ ጠፍቶ እርሱን ወደ ሌላኛው ወገን ማዞር ብቻውን ሊበቃ ይችላል። አለበለዚያ የፋብሪካው ባዮስ ይመለስበታል፤ የሚጫነው ግን በትክክል የዚያው ሞዴልና የዚያው ሜሞሪ ዓይነት መሆን አለበት።

ምልክት፦ ጌሙ በደህና ጀምሮ ከደቂቃዎች በኋላ ይንቀራፈፋል፤ ፋኑ ይጮኻል

ሙቀት ነው። ከተማው በግንባታ ላይ ስለሆነ አቧራው የካርዱን ማቀዝቀዣ ቶሎ ይደፍናል፤ በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳስቷል፣ ያው ፋን ሙቀት የሚወስደውም ባነሰ አየር ነው። አቧራው በብሩሽና በአየር ይጽዳ፤ ፋኑ ግን በጣት ይያዝ። የደረቀው ቴርማል ፔስት (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ይታደስ፤ በሜሞሪው ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፓድ ሲቀየር ውፍረቱ ከቀድሞው ጋር እኩል ይሁን፣ ከወፈረ ቺፑ ከማቀዝቀዣው ጋር አይነካካምና።

ሌሎች፦ ዊንዶውስ ሳይነሳ ጀምሮ ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብና መስመር ከታየ ሜሞሪው ወይም ቺፑ ተጎድቷል፤ ካርዱን በኦቨን መጋገር ጥገና አይደለም፣ ገንዘብ አያውጡበት። እንደ አርቲኤክስ 4090 ያሉት የሚጠቀሙበት ባለ 16 ፒን ማገናኛ እስከ መጨረሻው ካልገባ ሊቀልጥ ይችላል።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ፦ ሻጩ ፊትዎ ፈርማርክን ለ20 ደቂቃ ያሂድ፤ የጂፒዩ-ዚን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የካርዱ ሞዴል፣ የሜሞሪው መጠንና የመመለሻው ቀን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የፈተናውን ማሽን ጎን አስከፍተው ካርዱ በምን ገመድ እንደተመገበ ይመልከቱ፤ በሳታ አስማሚ ከሆነ ፈተናው በደህና ገመድ እንደገና ይደረግ።