በለቴ ጫካ ለመዋል ካሰባችሁ

ከጅማ ወጥቶ ጫካ ለመዋል ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቦንጋን መንገድ ይዛችሁ ሰቃን አልፋችሁ ትንሽ ስትሄዱ በለቴ ነው። የሸቤ ሚኒባስ ያደርሳችኋል።

በመጀመሪያ ግን «ሰው ያልረገጠው ምድር» የሚለውን ነገር እርሱት። ዛፉ ጥላ ስር ያለው ቡና ባለቤት አለው። ላይ የተሰቀለው ቀፎም እንደዚያው። እኛ እሁድ ስኒከር አጥልቀን «አድቬንቸር» የምንለውን፣ ማር ቆራጩ በጨለማ ጭስ ይዞ ግንድ ላይ እየወጣ ይኖርበታል፣ ያውም ማንም ፎቶ ሳያነሳው። እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓን ድጋፍ ከተጀመረው ፕሮጀክት ወዲህ ነዋሪው ዋቡብ በሚባሉ ማኅበራት ተደራጅቶ ጫካውን ከመንግሥት ጋር ይጠብቃል። ስለዚህ ሰው ግቢ እንደምትገቡ ሆናችሁ ግቡ። መንደሩ ጋ ስትደርሱ «አካም ጅርቱ» በሉና ማንን ማስፈቀድ እንዳለባችሁ ጠይቁ። መንገድ የሚያሳያችሁ ልጅ ያዙ፣ ሂሳቡን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ያስቃል፣ አውቃለሁ፤ ግን የጉንዳን ሰልፍ ላይ ቆሞ ሰልፊ የሚነሳ ሰው አይጠፋም። ሳማም አለ። ዝናቡ ክረምት ብቻ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፣ ለስልካችሁ ፌስታል ያዙ።

ዋናው ነገር መቀመጥ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ሄድኩ እያሉ መቁጠር ጫካውን ጂም ማድረግ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ከተማው ይበቃል። አንድ ግንድ ስር አረፍ በሉና ዝም በሉ። መጀመሪያ ይደብራል፣ እጃችሁ ወደ ኪስ ይሄዳል፤ ተዉት። ቆይቶ ላይ ቅጠሉ ይንቀሳቀሳል፣ ነጭ ጭራ ይንጠለጠላል፣ ጉሬዛ ነው። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፣ ግን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል አይስትም። ቅጠል ይበላና እስኪፈጭለት ብዙ ሰዓት ቁጭ ይላል። እናንተን ለማስደሰት የሚያደርገው አንድም ነገር የለም፣ ለእኔ የጫካ ደስታው እሱ ነው፤ ከተማ ውስጥ ሁሉም ነገር ደንበኛ አድርጎ ነው የሚያየን።

ቀይ ቡና አትልቀሙ፣ ቀፎ ስር አትጩኹ፣ ያመጣችሁትን ላስቲክ መልሳችሁ ውሰዱ። ከ10 ሰዓት በፊት ደግሞ መንገድ ዳር ውጡ፤ ሲመሽ የሚመጣው ሚኒባስ ሞልቶ ሊያልፋችሁ ይችላል።