አእምሮን የሚቆጣጠር ቡድን ውስጥ የገባ ዘመድን ስለ መርዳት

ጎንደር ውስጥ አንድ ወጣት ከቤተሰቡ ማዕድ ሲርቅ፣ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን ሲሸሽና የዕቁብ ብሩን በቴሌብር ለአንድ «መሪ» መላክ ሲጀምር፣ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስበው ሽማግሌ ሰብስቦ መገሠጽን ነው። ይህ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው መሪውን ነው፤ «ቤተሰቦችህ ይነሡብሃል» ብሎ አስቀድሞ ነግሮታልና፣ ተግሣጹ የትንቢቱ ፍጻሜ ሆኖ ይቆጠርለታል።

መመርመር ያለበት እምነቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ እንግዳ ትምህርት ሁሉ አደገኛ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ሊፍተን ቻይና ውስጥ አስተሳሰባቸውን እንዲለውጡ ጫና ተደርጎባቸው ወደ ሆንግ ኮንግ የወጡ ሰዎችን አነጋግሮ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ስምንት የአእምሮ ቁጥጥር ምልክቶችን ለይቷል፤ ከእነዚህም ከውጭ ሰው ጋር የሚደረግን ግንኙነት መቆጣጠር፣ ምስጢርን ሁሉ እንዲናዘዙ ማስገደድ፣ እንዲሁም ትምህርቱን ሰው በራሱ ላይ ከደረሰው ነገር በላይ ማስቀደም ይገኙበታል። በዚህ መለኪያ ያልተያዘ ቡድን ላይ ዘመቻ መክፈት አይገባም።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ ከዘመድ ጋር ያለው የግንኙነት መስመር እንዳይቆረጥ መጠበቅ ነው። እናት ማራኪ ሰፈር ቡና አፍልታ ልጇን ስትጠራ ስለ መሪው ክፉ ሳታነሣ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ «ልጄ፣ የሰጠሽውን ብር ሐሳብሽን ብትቀይሪ ይመልሱልሻል?» ብላ ብትጠይቅና መልሱን ሳታስጨንቅ ወሬውን ብትለውጥ፣ ጥያቄው ልጅቱ ውስጥ መሥራቱን ይቀጥላል። ጥቅስ በጥቅስ መመለስ ግን ከንቱ ነው፤ በዚያ ሜዳ የቡድኑ ሰዎች በየቀኑ ይለማመዳሉ። ብር በእጅ መስጠትም አይመከርም፤ ምግብ፣ ልብስና የቤት ኪራይ በቀጥታ መሸፈን ይሻላል።

ትዕግሥት የማይፈቀድበት ጊዜ አለ። በኬንያ ሻካሆላ ጫካ ተከታዮች እስከ ሞት እንዲጾሙ ተደርገው በ2023 እ.ኤ.አ. ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጥቷል። ስለዚህ ሰውየው ምግብ ካቆመ፣ ሕፃናት ከተያዙ ወይም ድብደባ ካለ ለፖሊስ ማመልከት ግድ ነው። የኤችአይቪ፣ የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካቋረጠ ደግሞ ሳይዘገዩ ሐኪም ማማከር ይገባል፤ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ማስተማራቸውን ማስታወስ ለአማኝ ዘመድ ሊረዳ ይችላል።

ዘመድ ከቡድኑ ሲወጣ «አልነገርንህም?» የሚል ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ አስቀድሞ መማከር ይጠቅማል፤ በጉባኤ ፊት ቆሞ እንዲመሰክር መግፋትም ያው ቀድሞ የለመደው ግዳጅ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ፍርሃትና ኀፍረት ከቆዩ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው፤ ለቀጠሮው ግን እርሱ ራሱ ይወስን። ቡድኑ መደወሉን ሳያቋርጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሲም ካርዱን መቀየር ከፈለገ አዲሱን ቁጥር የሚያውቁትን ሰዎች እርሱ ይምረጥ።