ዳዊትን እንደየዕለቱ መድገም
በባሕር ዳር ጠዋት ወደ ሥራ ስትጣደፉ የጸሎት ጊዜ የሚያጥራችሁ ወገኖቼ፣ መዝሙረ ዳዊትን ለየዕለቱ በተከፈለው ሥርዓት እንድትደግሙ እመክራለሁ። 150ዎቹ መዝሙራት እያንዳንዳቸው 10 መዝሙር በሚይዙ «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች የተከፈሉ ሲሆኑ፣ የሰኞ ድርሻ ከ1 እስከ 30 ነው። ሦስቱንም ንጉሥ ማድረስ ለማይችል ሰው አንዱን፣ ያም ካልሆነ አንዲት መዝሙር እያስተዋለ መድገም፣ በችኮላ ከመጨረስ እጅግ ይሻለዋል። ወደ ዘጌ በሚሻገር ጀልባ ላይ ዳዊታቸውን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥተው፣ ጠርዙ በጣት ብዛት የጠቆረውን ቅጠል እየገለጡ የሚደግሙ አባቶችን ያየ ሰው፣ ጊዜው ከየት እንደሚገኝ ይገባዋል። እምነትን ለሌላ ስለ ማካፈልም፣ ጎረቤታችሁ ሲያዝን ወይም ሲታመም ክርክር ሳታነሡ፣ በዚያ ጠዋት የደገማችሁትን አንድ ቁጥር አንብቡለትና አብራችሁት ጸልዩ።