በጅማ ዳር ሰፈሮች መኪና የሚቆምበትን ቦታ አስቀድሞ ስለ መምረጥ

ወደ ጅሬን ኮረብታ፣ ወደ ቦዬ ረግረግ አካባቢ ወይም በአጋሮ መንገድ ወዳሉት ሰፈሮች በመኪና የሚሄድ ሰው ማቆሚያ አያጣም፤ ቦታ ሞልቶ ሳለ የማይሆነውን የሚመርጥ ግን ብዙ ነው። መሬቱ መመዘን ያለበት ስንደርስ በምናየው መልኩ ሳይሆን ስንመለስ በሚጠብቀን መልኩ ነው። ጠዋት እንደ ድንጋይ የጠነከረው የጅማ ቀይ አፈር ከሰዓት በኋላ አንድ ዝናብ ከጣለበት ጎማ የማይቆነጥጠው ጭቃ ይሆናል።

ስለዚህ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ለሚሄዱበት ቤት ባለቤት ይደውሉና ኮብልስቶኑ ወይም ጠጠሩ የት ላይ እንደሚያበቃ ይጠይቁ። በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት መኪናውን እዚያው ማብቂያው ላይ አቁሞ ቀሪውን በእግር መሄድ እጅግ የተሻለ ነው። ሣር የለበሰ የመንገድ ዳር ደልዳላ ቢመስልም ከሥሩ የውኃ መውረጃ ቦይ ሊኖር ስለሚችል፣ ጎማ ከማሳረፍዎ በፊት ወርደው በእግርዎ ይርገጡት። ሣሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተኛ ወይም ደለል ከተከመረበት ጎርፍ የሚያልፍበት ነውና ይተዉት።

የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ወደ ጅሬን ሲወጡ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ተዳፋቱ ነው። የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም። የመኪናው ፊት ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ ያስገቡ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ያድርጉት። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ በሌለበት መንገድ ላይ መኪናው ቢንሸራተት እንኳ ወደ መሐል እንዳይገባ የፊት ጎማዎቹን ወደ ቀኝ ዳር ያዙሩ፤ ከጎማውም ሥር በቁልቁለቱ በኩል ታኮ ያድርጉ። ታኮ ያደረጉትን ድንጋይ ሲነሡ ከመንገዱ ላይ ያንሡት፤ በጨለማ የሚመጣን ባጃጅ ሊገለብጥ ስለሚችል ይህን ማድረግ ግዴታ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

ጸጥ ያለ ሰፈር ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በቡና ለቀማ ወራት ከግቢ ውጪ ቡና የሚያሰጡ ቤተሰቦች ስላሉ፣ ባዶ የሚመስለው ሜዳ የማን እንደሆነ ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ከመስጊድ ደጃፍ ራቅ ይበሉ፤ ሰጋጁ ሲወጣ መተላለፊያው ይጠብባል። መኪናው የሚያድር ከሆነ ሰው ባለበት ግቢ ውስጥ ማስገባት ይመረጣል፤ ካልተቻለም ከዘበኛው ጋር ዋጋውንና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ አስቀድመው ይስማሙ።

በመጨረሻም መኪናውን ገና ሳይጨልም አዙረው ፊቱን ወደ መውጫው ያቁሙት፤ በዝናብና በጨለማ በጠባብ መንገድ ላይ ወደ ኋላ መንዳት፣ ቦዩ በማይታይበት ሰዓት፣ ለሠለጠነ ሾፌርም ያስቸግራል።