ሳረንስት ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን አዳኞች እንዴት እንለያቸው

እርጥብ ድንጋይና ረግረግ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለው ሳረንስት (ሽበት የሚለውም አለ) ባዶ እንዳይመስላችሁ፣ ውስጡ ከትኋን ጋር የአንድ ወገን የሆኑ ሚጢጢ አዳኞች ይኖራሉ፣ አንዳንዶቹ 2 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞሉም።

መጀመሪያ ማውጣቱ። አንድ እፍኝ ሳረንስት ነጭ ትሪ ላይ አድርጉና ውሃ ጨምራችሁ በእጅ ጫን ጫን አድርጉት፣ ብዙዎቹ ሰውነታቸው በደቃቅ ጸጉር ስለተሸፈነ ውሃ አያርሳቸውም ብቅ ይላሉ። ግን ዝም ብለው የሚቀመጡም አሉ፣ ቆሻሻ ነው ብላችሁ እንዳትደፉት ትንሽ ጠብቁ።

ከዛ ቀለሙን ተዉትና አፉን እዩ። 10 እጥፍ በሚያጎላ ማጉያ መነጽር ገልብጣችሁ ስታዩት ከጭንቅላቱ ስር ወደኋላ የታጠፈ መርፌ የመሰለ መውጊያ ካለው የምንፈልገው ነው። የሚያኝክ መንጋጋ ካለውና ጠንካራ የክንፍ ሽፋኑ መሀል ጀርባ ላይ ቀጥ ባለ መስመር ከተገጣጠመ ጥንዚዛ ነው። 8 እግር ካለው ነፍሳት አይደለም፣ የሸረሪት ወገን ነው።

አይኑ ትልቅና ያፈጠጠ ሆኖ ስትነኩት ዘሎ ከጠፋ ሳልዲዴ የሚባለው ቤተሰብ ይሆናል፣ ማረጋገጫው የክንፉ ስስ ክፍል ላይ ተደርድረው የሚታዩት 4 ወይ 5 ረዣዥም ክፍሎች ናቸው።

ሰው የሚሳሳተው ሄብረስና ማይክሮቬሊያ የሚባሉት ሁለት የነዚሁ አዳኞች ወገኖች ላይ ነው። ሁለቱም ትንንሽ ሁለቱም ከፋይ የለበሱ ይመስላሉ፣ እኔም ስንቱን ማይክሮቬሊያ ሄብረስ ነው ብዬ መዝግቤ በኋላ ሰርዣለሁ 😅 መለያው ጥፍሩ ነው፦ ሄብረስ ጥፍሩ የእግሩ ጫፍ ላይ ነው የሚወጣው፣ ማይክሮቬሊያ ግን ከጫፉ ትንሽ ወደኋላ ገባ ብሎ ነው። ሄብረስ በተጨማሪ ጭንቅላቱ ስር መውጊያውን የሚያስተኛበት ቦይ አለው።

ክንፍ የለውም ማለት ደሞ ገና ልጅ ነው ማለት አይደለም። አውሮፓ ያለው ሄብረስ ሩፊሴፕስ የሚባለው ዝርያ አድጎም አብዛኛውን ጊዜ ክንፉ በጣም አጭር ነው፣ የሌለው ይመስላል። እውነተኛ ልጅ ከሆነ ግን ዝርያውን ለመገመት አትድከሙ፣ ቤተሰቡ ላይ ቁሙ።

ፎቶ ስታነሱ ከላይ ብቻ አታንሱ፣ ከጎንና ከስርም አንሱ፣ ጥፍሩ የማይታይበት ፎቶ ይዛችሁ ሄብረስ ነው አይደለም ብትከራከሩ የትም አትደርሱም።