ለእንስሳት ዓለም ጠመንጃ ስትፈጥሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንስሳት ልብስ ለብሰው በሁለት እግራቸው የሚሄዱበትን ታሪክ የሚጽፍና የሚስል ሰው ገጸ ባሕርያቱ ላይ ብዙ ይለፋል። ጅቡ አዛዥ፣ ጭላዳው ተኳሽ፣ ዋልያው የድንበር ጠባቂ ይሆናል። የጠመንጃው ተራ ሲደርስ ግን አንድ የክላሽ ፎቶ ከኢንተርኔት ይወርድና መዳፋቸው ላይ ይለጠፋል። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል።

የሰው ጠመንጃ ለእንስሳ መዳፍ

ክላሽ የተሠራው ለሰው እጅ ነው። ምላጩ ቀጭን ሌባ ጣት፣ እጀታው ደግሞ ዞሮ የሚጨብጥ አውራ ጣት ይፈልጋል። ጅብ በእያንዳንዱ እግሩ ያሉት አራት አጫጭር ጣቶች ናቸው፤ ጥፍሩም እንደ ድመት ወደ ውስጥ አይሰበሰብም። ምላጩን በከበበው ጠባብ ብረት ውስጥ ያን ጥፍር ቢከት ገና ሳያነጣጥር ይባርቅበታል። ብዙዎች ችግሩን የሚፈቱት ለጅቡ የሰው እጅ በመስጠት ነው፤ ውጤቱ ግን የጅብ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ነው። ይልቅ ጠመንጃውን ቀይሩት። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ እንጨት ላይ አጋድመው የሚወጥሩት ቀስት ምላጩ ረጅም ዘንግ ነበር፤ በሙሉ መዳፍ ጨምቀው ይለቁታል። ለጅብ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው። የኦስትሪያው ስታየር አውግ ጠመንጃም ምላጩን የሚከልለው ክፍል መላ እጅ የሚያስገባ ሰፊ ነው። ጭላዳ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ሣር አንድ በአንድ እየነቀለ የሚበላባቸው አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ እንደ ልብ ስለሚገናኙ ትንሽ ምላጭ ይበቃዋል።

ፊትን መርሳት

ሰው ሲያነጣጥር ሰደፉን ትከሻው ላይ ተክሎ፣ ጉንጩን አስደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ዓይኖቹም ከፊት ስለሆኑ ይመቸዋል። ዋልያን ሰሜን ተራሮች ገደል ጫፍ ላይ አቁሙትና እንዲህ አድርግ በሉት። ዓይኖቹ ያሉት በግራና በቀኝ ነው፤ ሳይዞር ብዙ ያያል፣ በሁለቱም ዓይኖቹ አንድ ላይ የሚያየው ግን ከፊቱ ያለውን ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። ሰደፉ ላይ ሲያጎነብስ ረጅም አፍንጫው ይቀድመዋል። ስለዚህ ማነጣጠሪያው ወደ ጎን ወጣ ይበል፤ ዋልያው ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ይመልከት። የወንዱ ቀንድ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ማንገቻውንም በአናቱ አጥልቆ አያወልቀውም፤ በመቆለፊያ የሚፈታ ይሁን።

የስሜት ሕዋሳቱንም ጨርሶ ሰው አታድርጓቸው። የውሻ ዘመዶች ቀይ ቀለምን እንደኛ አይለዩም፤ በቀይ ነጥብ የሚያነጣጥር ቀይ ቀበሮ ስትስሉ ይህን አስቡ (ምስኪን፣ የራሱንም ቅላት በቅጡ አያየውም)። የጠመንጃ ተኩስ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው። አናት ላይ ለቆመ ጆሮ ደግሞ የእኛ የጆሮ መከለያ አይገጥምም።

አንድ ጠመንጃ ለሁሉ

ጥይቱ ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው ተኳሹን ወደ ኋላ ይገፋል። ወንድ ጭላዳ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ክላሽ ከነጥይቱ 4 ኪሎ ይጠጋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 14 ኪሎ ጠመንጃ ተሸክሞ ገደል ሲወጣ ገምቱት። ስለዚህ ጠመንጃው በየዝርያው ይለያያል፤ ያኔ የጥይት ጣጣ ይመጣል። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ውጅግራም ሬሚንግተንም ሌላም ይዞ ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ከወደቀ ዝሆን ጎን ሙሉ የጥይት ሣጥን ያገኙ ጭላዳዎች አንዷን እንኳ ማጉረስ ሲያቅታቸው ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ጠመንጃው መጥቶ ምንም አለመቀየሩ

እኔ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጭላዳ ማታ ማታ ገደል ላይ የሚያድረው ነብርንና ጅብን ፈርቶ ነው። ጠመንጃ ካገኘ በኋላ ሜዳ ላይ የማያድረው ለምንድን ነው? አንበሳስ በምን ኃይሉ ንጉሥ ሆኖ ይቀጥላል? በተረቶቻችን ሥልጣን የሚመጣው ከጥርስ፣ ከጥፍርና ከብልጠት ነው፤ ጠመንጃ ሲገባ ጥርስና ጥፍር ዋጋቸው ይወድቃል። አንበሳው ባሩዱን በሞኖፖል ይዞት ይሆናል፤ ጦጣ ጠመንጃ እንዳትይዝ በአዋጅ ተከልክላ ይሆናል። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ብቻ አንዱን ምረጡ። ጠመንጃውን ማን እንደሚሠራውም ወስኑ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ለማስቀለጥ ጋፋት ላይ ባለሙያ ሰብስበዋል፣ መቅደላ ለማድረስም መንገድ አስጠርገዋል። የእናንተ ዓለም ጋፋት የት ነው?

ቀለሁ የሚወድቅበትን አለማሰብ

ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ሥዕል ላይ ታስታውቃለች። ከብዙ ጠመንጃ ቀለህ (የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀፎ) የሚፈናጠረው ወደ ቀኝ ነው፣ ያውም እንደጋለ። የወንድ ጭላዳ ጋማ ትከሻውን ሁሉ ስለሚሸፍን በቀኝ በኩል የቆመ ጓደኛው ጸጉር ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የቤልጅየሙ ፒ90 ጠመንጃ ቀለሁን ወደ ታች ይጥላል፤ ለባለ ጋማ ወታደር ከዚያ መነሳት ይሻላል።