የላዳን አገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንጻፋት?

አዲስ አበባ ኖሮ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ያልተሳፈረ ካለ እጁን ያውጣ። በሯ በገመድ የታሰረውን፣ ዳገት ላይ ወርደን የገፋናትን ማለቴ ነው። ያቺ መኪና የተሠራችው ሩሲያ ውስጥ ቮልጋ ወንዝ ዳር ባለች ቶልያቲ በምትባል ከተማ ነው። የከተማዋን ስም በእንግሊዝኛ ልጻፍ ያላችሁ ቀን ግን ጉድ ይፈላል። ካርታው ላይ በዋይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ዜናው ላይ መሀሉ ጂ ተሰንቅሮበታል፣ የሰው ፓስፖርት ላይ ደግሞ ሁለቱንም የማይመስል ሦስተኛ አጻጻፍ ይመጣል።

እኔ የአንድ ዘመዴን የሩሲያ ሰነድ ስተረጉም የመጀመሪያው ገጽ ላይ በዋይ፣ ሦስተኛው ላይ በጂ ጻፍኩት። የተቀበለኝ ቢሮ «እነዚህ ሁለት ከተሞች ናቸው?» ብሎ መለሰልኝ። በአንዲት ጂ ምክንያት ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። እናንተ እንዳትመላለሱ ነው ይሄን የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ፣ ምክንያቱ ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከተማዋ በ1737 ምሽግ ሆና ስትቆረቆር ስሟ ስታቭሮፖል ነበር። በ1950ዎቹ የቮልጋ ግድብ ሲሠራ አሮጌው ከተማ ውሃ ሊውጠው ስለሆነ ሕዝቡ ተነሥቶ ከፍ ያለ ቦታ ሰፈረ። በ1964 የጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ የነበረው ፓልሚሮ ቶልያቲ ያልታ ላይ ሞተ፣ ከተማዋም በዚያው ወር በስሙ ተሰየመች። (ብዙ ሰው ስሙ ከጣሊያኑ መኪና ሠሪ ከፊያት ጋር የመጣ ይመስለዋል። የላዳን ፋብሪካ ለመሥራት ከፊያት ጋር ውል የተፈረመው በ1966 ነው፣ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የወጡትም በ1970። ስሙ ቀድሟል።)

እንግዲህ አስቡት፣ የጣሊያን ስም ነው፣ በሩሲያ ፊደል ተጻፈ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ላቲን ፊደል ሲመጣ መንገዱ ሁለት ሆነ። ወይ ሩሲያኛውን ፊደል በፊደል መገልበጥ፣ ወይ ሰውየው ራሱ ስሙን ይጽፍበት ወደነበረው መመለስ።

የመጀመሪያው መንገድ ቲ፣ ኦ፣ ኤል፣ ዋይ፣ ኤ፣ ሁለት ቲ፣ አይ ነው። ጨነቀኝ ካላችሁ ይሄን ያዙ። ካርታዎች የሚጠቀሙት በአብዛኛው ይሄንኑ ነው፣ ስለ ከተማዋ በራሳችሁ ቃል ስትጽፉ የሚያጣላችሁ የለም። አሮጌ ካርታና የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ላይ ከኤሉ ቀጥሎ ትንሽ ጭረት ልታዩ ትችላላችሁ። ሩሲያኛው ላይ ያለችው የማለስለሻ ምልክት ናት። ተዉአት፣ የኦንላይን ፎርም ውስጥ ስትገባ ጣጣ ነው የምታመጣው።

ሁለተኛው ቲ፣ ኦ፣ ጂ፣ ኤል፣ አይ፣ ኤ፣ ሁለት ቲ፣ አይ ነው። ይሄ የሰውየው ስም ስለሆነ ስለ ፖለቲከኛው ስትጽፉ ምርጫ የላችሁም፣ በዋይ ከጻፋችሁት ስህተት ነው። ሌላው የድርጅት ስም ነው። የከተማዋ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ራሱን የሚጠራው በጂ ነው። ከዚያች ከተማ ተነሥቶ ዩክሬን ውስጥ እስካለችው ኦዴሳ የሚዘልቀው የአሞኒያ ቧንቧም፣ በ2022 እና በ2023 ከሩሲያና ዩክሬን የእህልና ማዳበሪያ ድርድር ጋር ስሙ ሲነሣ የነበረው ማለት ነው፣ ዜናው ላይ በብዛት በጂ ነው የሚመጣው። ድርጅቱ ራሱን በጠራበት ጥሩት እንጂ እናንተ አታርሙት። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ከተማዋን በዋይ፣ ዩኒቨርሲቲውን በጂ ልትጽፉ ትችላላችሁ፣ ነውር የለውም። እንደ እኔ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡና ሁለቱ አንድ ቦታ መሆናቸውን ንገሩት አንባቢውን።

ሦስተኛው የፓስፖርቱ ነው። የአሁኑ የሩሲያ ፓስፖርት ያችን «ያ» የምትባለዋን ፊደላቸውን በአይ እና በኤ ስለሚጽፋት ዋይ ትጠፋለች። ቪዛ ወይም ሌላ ፎርም የምትሞሉ ከሆነ ሰነዱ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጡ። ትክክል ነው አይደለም ብላችሁ አትከራከሩ፣ የሚያመሳክረው ሰው የሚያየው ፊደሉን ነው።

ስታቭሮፖልስ? ስለ ከ1964 በፊት የምትጽፉ ከሆነ በጊዜው ስሟ ጥሯት፣ ግን «በቮልጋ ላይ ያለችው» የሚል ጨምሩበት። ደቡብ ሩሲያ ውስጥ እስከ ዛሬ ስታቭሮፖል የምትባል ሌላ ትልቅ ከተማ አለች፣ ጎርባቾቭ የፓርቲ ሥራውን የጀመረባት።

አነባበቡ ላይ እኛ ሐበሾች ትንሽ እንሳሳታለን። ጂዋ ብትጻፍም አትነበብም፣ «ቶግ» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ጣሊያንኛ ጂና ኤልን አንድ ላይ ሲያደርጋቸው ልስልስ ያለ «ልይ» ነው የሚወጣው። በእንግሊዝኛ «ቶል-ያ-ቲ» በሉ፣ ጉልበቱን «ያ» ላይ ጣሉት። ሁለት ቲ ስላያችሁ እንደኛ አታጥብቁት፣ እንግሊዝኛው ላይ ይላላል። ሲጻፍ ግን ሁለቱም ቲ ይኑሩ።

ፎርሙ ላይ ክልል የሚል ሳጥን ካለ ሳማራ ኦብላስት ነው የምትሞሉት። ሳማራ ራሷ ሌላ ከተማ ናት፣ ከ1935 እስከ 1991 ደግሞ ኩይቢሼቭ ትባል ነበር፣ የሶቭየት ዘመን ወረቀት ላይ ኩይቢሼቭን ብታዩ አትደንግጡ። ሌሎቹም የኢንዱስትሪ ከተሞች እንዲሁ ናቸው። ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ከ1932 እስከ 1990 ጎርኪ ነበረች። የካተሪንበርግ በ1991 የድሮ ስሟን መልሳ ስትይዝ ክልሏ እስከ ዛሬ ስቨርድሎቭስክ እንደተባለ ቀርቷል። ያኔ ሩሲያ የተማረ አባት ወይም አጎት ያለው ሰው ዲፕሎማው ላይ ያለውን ስም አይቀይር፣ የዛሬውን ስም በቅንፍ ከጎኑ ያስገባ።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ደግሞ በዋይም በጂም ሞክሩ። ስለ መኪናው የድሮ ጽሑፍ ስፈልግ በዋይ ብቻ እየጻፍኩ ስንት ነገር እንዳመለጠኝ ያወቅሁት ጂዋን ስጨምር ነው።